የሚያመልጥ ትንፋሽ

ዝነኛው ትራምፔት ነፊ ሸዋንዳኝ «ማስተር ክላስ» የሚሉትን የጥቂት ቀን ሥልጠና ሊሰጥ ከአዲስ አበባ ይመጣል የተባለ ሰሞን የእኔ ሥራ መሣሪያ መወልወል ነበር። ሦስት ትራምፔት፣ አንድ ትሮምቦንና ጎኑ የተቀጠቀጠ አንድ ሳክስፎን አሉን። የቫልቭ ዘይት አርባ ምንጭ ውስጥ ስለማይገኝ ታችኛው ከተማ ሲቀላ ካሉት ልብስ ሰፊዎች የስፌት መኪና ዘይት እየለመንን ነው የምናንቀሳቅሳቸው። እኔ በጦር ሠራዊት ባንድ ውስጥ እስኪበተን ድረስ ትራምፔት የነፋሁ ሰው ነኝ፤ ቆሻሻ መሣሪያ አልወድም። ሰው ሲያረፍድም አልወድም። እውነቱን ለመናገር ብዙ ነገር አልወድም። ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ «አንተን ደስ የሚያሰኝህ ጡረታ ብቻ ነው» ትለኝ ነበር። ጡረታም ወጥቼ አየሁት፤ እሱንም አልወደድኩትም።

ስሜ ተክለጻድቅ ነው። ትውልዴ ጎጃም ሲሆን አርባ ምንጭ የመጣሁት ባለቤቴ በመምህርነት ስትመደብ ተከትያት ነው። እሷ ስታልፍ የምመለስበት ቦታ ስላልነበረኝ እዚሁ ቀረሁ። ላይኛው ከተማ ሴቻ ካለው ቤቴ በባጃጅ ወደ ሲቀላ እወርድና በወጣቶች ማዕከሉ አዳራሽ የትንፋሽ መሣሪያ አስተምራለሁ። አዳራሽ ይባል እንጂ በቆርቆሮ የተሠራ ምድጃ ነው። ከቀትር በኋላ ትራምፔቱን በእጅ መያዝ ያቃጥላል።

ከተማሪዎቼ መካከል ብርቅዬ የምትባል ልጅ ነበረችኝ። ትራምፔት ጀማሪ እጅ ሲገባ ሊታረድ እንደሚጎተት ፍየል ነው የሚጮኸው፤ ጎረቤት ይቆጣል፣ ውሻ ያላዝናል። እሷ ግን መሣሪያውን በያዘች በሳምንቷ አንድ ንጹሕ ድምፅ አወጣች። እኔ ያንን ድምፅ ለማግኘት ሁለት ዓመት ሙሉ የሃምሳ አለቃ ስድብ ጠጥቻለሁ። መጀመሪያ ተናደድኩ፤ ከዚያ ደስ አለኝ። እንዲህ ያለ ልጅ አንድ አስተማሪ በዕድሜው አንዴ ቢያገኝ ነው።

አንድ ችግር ብቻ ነበረባት። አጭር አጭር ዜማ ስትነፋ እንከን አይወጣላትም። ድምፁን ረዘም አድርጊ ወይም ከፍ አድርጊ ስትባል ግን በአፍንጫዋ ሽርር የሚል አየር ይወጣና ድምፁ ይሞትባታል። ጉንፋን ነው አልን። «ተናፍጠሽ ነይ» እላታለሁ፤ ተናፍጣ ትመጣለች፤ ያው ነው። ባሕር ዛፍ ታጠነች፣ ነጭ ሽንኩርት በማር በላች፣ ጠበል ተጠመቀች። ስትናገርም ድምፅዋ ትንሽ በአፍንጫዋ በኩል ነው፤ ልጆቹ ያስመስሏትና ይስቃሉ፤ እሷም አብራ ትስቃለች።

እናቷ ባዩሽ ከጫኖ ሙዝና ማንጎ እያመጣች ሲቀላ ገበያ ትሸጣለች። የጨንቻ ሰው ናት። ባሏ ሸማኔ ነበር፤ አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ሸምኜ እመለሳለሁ ብሎ ሄዶ በዚያው ሌላ ቤት መሠረተ። ስለዚህ ባዩሽ ያላት ብርቅዬ ብቻ ናት። ልጅቷ በየበዓሉ ትራምፔት ይዛ ስትወጣ ባዩሽ ሙዙን ለጎረቤት ትታ ትመጣና ከፊት ትቆማለች። የሚነፋው ዜማ ምን እንደሆነ አታውቅም፤ የምትነፋው ልጇ ከሆነች ግን ሌላው ሁሉ ዝም እንዲል ትፈልጋለች።

ይህ ሁሉ የሆነው ከሚሌኒየሙ በዓል ሁለት ዓመት ያህል በኋላ ነው። ሸዋንዳኝ ሲመጣ ለማስተማር ብቻ አልነበረም። እሱና ጓደኞቹ አዲስ አበባ ባቋቋሙት ትምህርት ቤት ለአንድ ልጅ ቦታ ይዞ ነበር። ማደሪያው፣ ምግቡ፣ መሣሪያው የነሱ ነው፤ ትምህርቱ ሲያልቅም ባንዳቸው ውስጥ ሥራ አለ። ያ ልጅ ማን እንደሚሆን ለእኔ የሚያከራክር ነገር አልነበረም። ለባዩሽማ ጭራሽ። አንድ ጠዋት ገበያ ውስጥ ስታየኝ ከሙዙ ክምር ጀርባ ተነስታ ጮኸች።

«ጋሼ ተክሌ! ልጄ ይሄዳል አይደል?»

ባዩሽ አማርኛን የተማረችው እዚያው ገበያ ነው። ጋሞኛው ያመዝንባትና ሴቱንም ወንዱንም «እሱ» ትላለች። ስለ ብርቅዬ ስታወራም እንደዚያው ነው፤ ሲቀላ ለምዶታል።

«እግዚአብሔር ያውቃል» አልኳት።

«እግዜርማ ያውቃል። አንተ ንገረኝ እንጂ!»

«ይሄዳል» አልኳት እኔም። ሰው ተስፋ ሲያደርግ ማየት አልወድም፤ የዚያን ቀን ግን እኔም ከእሷ ባልተናነሰ ተስፋ አድርጌ ነበር።

ሸዋንዳኝ ሊሻን ከሚባል ሳክስፎን ተጫዋች ጋር መጣ። በቴሌቪዥን ስናየው ሸንቃጣ ይመስል ነበር፤ በአካል ሲታይ ቦርጫም፣ ላብ በላብ የሆነና በጣም ትሑት ሰው ነው። እኔን ሲያይ ጎንበስ ብሎ «ጋሽ ተክለጻድቅ፣ ስለ እርስዎ ብዙ ሰምቻለሁ» አለኝ። ሊዋሽ ይችላል፤ ቢዋሽም ጥሩ አድርጎ ዋሸ። ሊሻን ሳክስፎንና ትሮምቦን የያዙትን ወደ ግቢው ዛፍ ጥላ ወሰዳቸው። ሸዋንዳኝ ትራምፔት የሚነፉትን ይዞ አዳራሹ ውስጥ ቀረ።

በመጀመሪያው ቀን እያንዳንዳቸው የፈለጉትን እንዲነፉ አደረገ። ሳምሶን ጥሩ ነፋ። ሳምሶን ታታሪ ልጅ ነው፤ ቀስ እያለ የሚደርስ ዓይነት። ቲጂ ደንግጣ ግማሹን ረሳችው። ብርቅዬ አጭር የሠርግ ዜማ ነፋች። ሸዋንዳኝ ወንበሩን ወደ ፊት ሳብ አድርጎ «እስቲ ድገሚው» አላት። ደገመችው። «አንዴ ብቻ ደግሞ» አላት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ድምፁን ቀነስ አድርጎ «ይቺን ከየት አመጧት?» አለኝ።

«ከሙዝ ተራ» አልኩት። እንደዚያ ቀን ደረቴን ነፍቼ አላውቅም።

በሁለተኛው ቀን የረጅም ድምፅ ልምምድ መጣ። ሁሉም ክብ ሠርተው አንድ ድምፅ ይዘው እስኪበቃ ድረስ መቆየት አለባቸው። ተጀመረ። ወዲያው ሽርር የሚለው ነገር ተሰማ። ሸዋንዳኝ እጁን አንስቶ ሁሉንም አስቆመና «ብቻሽን» አላት። ነፋች። ድምፁ በንጹሕ ተነሳ፤ ትንሽ እንደቆየ አፍንጫዋ ማፏጨት ጀመረ፤ ድምፁም እየከሳ ሄዶ ጠፋ።

«ጉንፋን ነው፤ ከርሞባታል» አልኩ።

ሸዋንዳኝ አጠገቧ ሄደና «ይቅርታ እህቴ» ብሎ አፍንጫዋን በሁለት ጣቶቹ ጥብቅ አድርጎ ያዘ። ልጆቹ ሳቁ። «አሁን ንፊ» አላት።

ነፋች። ልጆቹ ሳቃቸውን አቆሙ። ከዚያች ቀጭን ልጅ እንዲህ ያለ ድምፅ ይወጣል ብሎ ያሰበ አልነበረም፤ እኔም ራሴ አላሰብኩም። ወፍራም፣ የተረጋጋ፣ ዳር እስከ ዳር ሙሉ የሆነ ድምፅ ነው። የጣራው ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ። በር ላይ ተሳፋሪ የሚጠብቁት የባጃጅ ሹፌሮች አንገታቸውን በመስኮት አስገቡ። ብርቅዬ ዓይኗን አፍጥጣ ነበር የምትነፋው፤ ሌላ ሰው ውስጧ ገብቶ የሚነፋ መስሏት ይሆናል። እኔ አለቀስኩ። ሽማግሌ ሰው በተማሪ ፊት ማልቀሱ ነውር ነው፤ ግን አለቀስኩ።

ሸዋንዳኝ ጣቶቹን ለቀቀ። ድምፁ እንደተበሳ ጎማ ሽርር ብሎ ወደቀ።

የኖኪያ ስልኩን አወጣና ባትሪውን አበራ። «አፍሽን ክፈቺ። አአአ በይ።» ረጅም ጊዜ አየ። አንገቱን አዘንብሎ፣ ቀና ብሎ፣ እንደገና ጎንበስ ብሎ አየ።

«እንጥልሽን ተቆርጠሻል?»

«አዎ፣ ሕፃን ሆኜ» አለች።

«እኔም ተቆርጫለሁ!» አለ ሳምሶን። «እኔም» አለች ቲጂ። ከግቢው ገብተው የሚያዩት ልጆችም «እኔም፣ እኔም» አሉ፤ አንዱ ባትሪውን ተቀብሎ የአንዱን ጉሮሮ ማየት ሲጀምር አዳራሹ የጥርስ ሐኪም ቤት መሰለ። እኔ ራሴ የተቆረጥኩ ነኝ። እኛ አገርም ልጅ ጉሮሮውን ሲያመው «እንጥሉ ወርዷል» ይባልና ይቆረጥለታል። ማን ያልተቆረጠ አለ?

«ታዲያ እኛ ለምን አያፏጭብንም?» አለች ቲጂ።

ሸዋንዳኝ ጠርቶ አሳየኝ። የሳምሶን ጉሮሮ ውስጥ የጎደለው ያቺ የምትንጠለጠለው ቁራጭ ሥጋ ብቻ ናት። የብርቅዬ ግን ቢላዋው እሷን አልፎ ሄዷል። የላንቃዋ የኋላ ክፍል በነጭ ጠባሳ ተኮማትሮ ወደ አንድ ጎን ተስቧል። «አአአ» ስትል የሌሎቹ ላንቃ ብድግ ይላል፤ የእሷ ንቅንቅ አይልም። ወደ አፍንጫ የሚወስደው በር ክፍት ሆኖ ቀርቷል ማለት ነው። ስታወራ ያን ያህል አያስቸግራትም። በሙሉ ትንፋሿ ስትነፋ ግን አየሩ የሚያመልጠው በዚያ ነው።

«ልምምድ አያስተካክለውም?» አልኩት።

«ጋሽ ተክለጻድቅ፣ የማይዘጋ በር በልምምድ አይዘጋም» አለኝ።

ብርቅዬ ግን ወዲያው እጅ አልሰጠችም። «አፍንጫዬ ሲያዝ ይወጣል አይደል? እንያዘዋ!» አለች። ቲጂ ከጎረቤት ገመድ ላይ የልብስ መቆንጠጫ ነቅላ መጣች። ብርቅዬ አፍንጫዋ ላይ ሰካችውና ነፋች። ያ ድምፅ መጣ። ሁላችንም አጨበጨብን። አንድ ዜማ ሳትጨርስ መሣሪያውን ጭኗ ላይ ጥላ ጆሮዎቿን ያዘች። መውጫ ያጣው አየር ወደ ጆሮዋ ነው የሚሄደው። ትንሽ አርፋ እንደገና ሞከረች። ጥርሷን ነክሳ እንደገና ሞከረች። ከመቆንጠጫው ሥር ደም ሲንጠባጠብ ሸዋንዳኝ ራሱ ነቀለላት። ከዚያ ወጥቶ ከባጃጆቹ አጠገብ ፀሐይ ላይ ቆመ። ተከትዬው ወጣሁ።

በማግስቱ ጠዋት ሐኪም ዘንድ ወሰድናት። ወጣት ሐኪም ነው፤ በትዕግሥት አያት። «ለመብላትም ለመናገርም ምንም አትሆንም» አለን። «ቀዶ ሕክምናው እዚህ የለም። ሌላ ቦታ ቢገኝ እንኳ የተሰፋ ላንቃ የትራምፔት ግፊት ይችላል ብዬ ልዋሻችሁ አልችልም።» ጮህኩበት። የተማራችሁት ለምንድን ነው አልኩት፣ አገር በእናንተ ዓይነት ነው የጠፋው አልኩት፣ ሌላም ብዙ አልኩት። ልጁ አስጨርሶኝ «አዝናለሁ አባቴ» አለኝ። ይህን ጊዜ ይበልጥ ተናደድኩ፤ የምናደድበት ሰው እንኳ አጣሁ።

ከሐኪም ቤቱ በር ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ሸዋንዳኝ ተራ በተራ ቆጠረላት። ፒያኖ አለ፣ ከበሮ አለ፣ ማሲንቆ አለ። ጆሮዋ እንዲህ ከሆነ የፈለገችውን ተምራ ትደርሳለች፤ ለዘንድሮ የያዘው የትንፋሽ ቦታ ቢሆንም ለከርሞ ይጠይቅላታል።

«ጋሽ ሸዋንዳኝ» አለችው፣ «እርስዎን ትራምፔት ይተውና ከበሮ ይምቱ ቢሉዎት ይመቱ ነበር?»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«እናቴ ይሄን እንዳትሰማ። ያስቆረጠችኝ እሷ ናት። ከሰማች ዕድሜዋን ሙሉ እንቅልፍ አትተኛም።»

«አላወቀችም፤ ሁሉም ያስቆርጣል» አልኳት።

«ማንም ጥፋተኛ ነው አላልኩም። እንዳትሰማ ነው ያልኩት። ማሉልኝ።»

ማልንላት። ሁለት የጎለመሱ ወንዶች በአንዲት ፍሬ ልጅ ፊት እጃችንን አንስተን ማልን።

የመዝጊያው ዝግጅት የዚያኑ ቀን ከቀትር በኋላ ነበር። ወላጆች መጡ። ባዩሽ ጥለቱ ሰፊ የሆነ የጨንቻ ነጠላ ለብሳ፣ ፀጉሯን ቅቤ ተቀብታ፣ ለእንግዶቹ አንድ ዘንቢል ማንጎ ይዛ ከፊት ተቀመጠች። ልጆቹ ተጫወቱ። ብርቅዬ ኖታ መያዣ ስታቀብልና ወንበር ስታስተካክል ዋለች። ባዩሽ «ለመጨረሻ አስቀርተውት ነው» ብላ ለጎረቤቷ ስታስረዳ ሰማኋት።

ሸዋንዳኝ ተነስቶ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል ብሎ የሳምሶንን ስም ጠራ። ሳምሶን መጀመሪያ አልተነሳም፤ ዞሮ ብርቅዬን አየ። ቀድማ ያጨበጨበችው እሷ ናት። ባዩሽም አጨበጨበች፤ ልጁን ታውቀዋለች፤ እልልም አለችለት። ከዚያ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ የሚቀጥለውን ስም መጠበቅ ጀመረች። ምስጋና ቀረበ፣ ፎቶ ተነሳ፣ ሰው ወጣ። አዳራሹ ባዶ ሆኖ ወንበሮቹ መነሳት ሲጀምሩ ባዩሽ እዚያው ተቀምጣለች።

«ጋሼ» አለችኝ፣ «የእኔ ልጅ ስሙ መቼ ነው የሚጠራው?»

ጎንበስ ብዬ ወንበር ማንሳት ጀመርኩ። ከእኔ ምንም እንደማታገኝ ስታውቅ ዘንቢሏን አንስታ ወደ ሸዋንዳኝ ሄደችና ማንጎውን እግሩ ሥር አስቀመጠች።

«ጌታዬ፣ ልጄ ምን ጎደለው?»

ሸዋንዳኝ አፉን ከፈተ። ብርቅዬ ከኋላ መጥታ መሐላቸው ገባች።

«እማዬ፣ እነሱ ምንም አላጎደሉም። ጠይቀውኝ ነበር፤ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ሰለቸኝ፤ ትራምፔት አልፈልግም።»

ባዩሽ ለጊዜው አልገባትም። ሲገባት ነጠላዋን ከትከሻዋ ጥላ በሁለት እጇ ደረቷን መታች።

«ሰለቸው? ይሄ ልጅ ሞቶ ነበር እኮ!» አለች ወደ እኛ እየዞረች። «ጡት አልይዝ ብሎ፣ ጉሮሮው ተዘግቶ፣ ሞቶ ነበር! ጨንቻ ላይ ዝናብ ነው፣ ጭቃ ነው፣ መኪና የለም። አዝዬ በእግሬ ሄድኩ። ሽማግሌው እንጥሉን ቆረጠለት። ደም መጣ፣ ብዙ ደም። ሰው ሁሉ አይተርፍም አለ። እኔ ይተርፋል አልኩ። በጣቴ ቅቤ እየከተትኩ ጉሮሮውን ያሸሁት እኔ ነኝ። ይሄን ጉሮሮ ያዳንኩት እኔ ነኝ! ሲነፋ ሳየው ለካ ለዚህ ነው ያተረፍኩት እያልኩ ነው የምቆመው። አሁን ሰለቸኝ ይለኛል?»

ሸዋንዳኝ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ብርቅዬ ከንፈሯን ነክሳ መሬት መሬት ታያለች። ባዩሽ መጥታ ክንዴን ያዘችኝ።

«ጋሼ ተክሌ፣ አባት የለውም፤ አባቱ አንተ ነህ። እኔን አይሰማም፣ አንተን ይሰማል። ተቆጣው። ስለ እግዜር ተቆጣው።»

ብርቅዬ ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ መሐላዬን እንድጠብቅ እንደሚለምነኝ በደንብ አወቅኩ። ቁጣ አጥቼ አላውቅም ነበር፤ የዚያን ቀን ግን ከየት እንደማመጣው ጨነቀኝ። ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«ሰነፍ ነሽ» አልኳት። «እናትሽ በትከሻዋ ሙዝ ተሸክማ አሳድጋሽ፣ እኛ ደክመንብሽ፣ እግዚአብሔር የሰጠሽን ትንፋሽ በከንቱ የምታባክኚ ሰነፍ ነሽ። ውለታ የማይገባሽ ልጅ ነሽ።»

«ይቅርታ ጋሼ» አለች አንገቷን ደፍታ።

ባዩሽ ክንዴን አጠበቀችው። «ጨምርበት» አለችኝ።

ጨመርኩ።